የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ስለ ኤስቲኤል የትኛውን መጽሐፍ ላስመጣ?

ጥያቄ፣ ከደብረ ብርሃን

ሰላም የዓምዱ አዘጋጅ፣ እንዴት ከርመሃል? የሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ሲ ፕላስ ፕላስ ላይ ጀማሪ አይደለሁም፤ ሉፕ፣ ፈንክሽን፣ ክላስ፣ ትንሽ ትንሽ ፖይንተርም እሠራለሁ። አሁን መምህራችን «ጀነሪክ ፕሮግራሚንግ (አንድ ኮድ ለብዙ የዳታ ዓይነት እንዲሠራ አድርጎ መጻፍ) ሳይገባችሁ ኤስቲኤልን (ከሲ ፕላስ ፕላስ ጋር የሚመጣውን የተዘጋጀ ኮድ ስብስብ) እናውቃለን እንዳትሉ» ብለውናል። ጓደኞቼ በቴሌግራም የላኩልኝ ፒዲኤፍ ብዛቱ ለጉድ ነው። አንዱ የ1998 ነው፣ አንዱ ከሺህ ገጽ በላይ አለው፣ አንዱ ደግሞ ገና ከመጀመሪያው ገጽ ሒሳብ በሒሳብ ነው። ስክሪን ላይ ማንበብ ደግሞ አልሆነልኝም። አክስቴ ከውጭ ስትመጣ አንድ መጽሐፍ አመጣልሃለሁ ብላኛለች፣ አንድ ብቻ። ጓደኞቼ «የድሮ እንዳታስመጣ፣ ጊዜው ያለፈበት ነው» ይሉኛል። የቱን ልምረጥ?

መልስ

ወንድሜ፣ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም። የ1998ቱን አስመጣ። ስሙ «ጀነሪክ ፕሮግራሚንግ ኤንድ ዘ ኤስቲኤል» ነው፣ ጸሐፊው ማቲው ኦስተርን ይባላል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ጓደኞችህም ዝም ብለው አይደለም እንዲህ ያሉህ፣ መጽሐፉ አርጅቷል። ግን የቱ ክፍሉ እንዳረጀ ለይተህ ካወቅህ ምንም አይጎዳህም፤ እሱንም እነግርሃለሁ።

ምክንያቴ ምን መሰለህ? ዕድሉ እንደ አንተ አንድ ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ ለመጽሐፍ የሚወጣው ብር ኢንተርኔት ላይ በነጻ ለማይገኝ ነገር መዋል አለበት። የፈንክሽኖቹ ስም፣ ምን እንደሚቀበሉ፣ ምን እንደሚመልሱ፣ በየትኛው ዓመት ስታንዳርድ (የቋንቋው ይፋዊ ደንብ) እንደገቡ፣ ይሄ ሁሉ ሲፒፒሪፈረንስ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ በነጻ ተዘርግቶልሃል። ጠቅልለህ አውርደህ ላፕቶፕህ ላይ ማስቀመጥም ትችላለህ፣ ኔትወርክ ሲጠፋም እጅህ ላይ ነው። እንዲህ በቀላሉ የማታገኘው «ለምን እንዲህ ተደርጎ ተሠራ?» የሚለውን ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ሰው ረጋ ብሎ የሚያስረዳህ ነገር ማለቴ ነው። እዚያ ላይ የኦስተርንን ያህል ግልጽ የሆነ መጽሐፍ አላየሁም።

ነገሩ ከየት እንደመጣ ትንሽ ልንገርህ፣ መጽሐፉን ስታነብ ይጠቅምሃል። የኤስቲኤል አባት አሌክሳንደር ስቴፓኖቭ ነው። በ1980ዎቹ ከዴቪድ መሰር ጋር ሆኖ ሐሳቡን በአዳ ቋንቋ ሞክሮታል። በኋላ የኤችፒ ኩባንያ የምርምር ክፍል በሆነው ኤችፒ ላብስ ውስጥ ከሜንግ ሊ ጋር በሲ ፕላስ ፕላስ ሠራው። ኖቬምበር 1993 ላይ ለቋንቋው የስታንዳርድ ኮሚቴ አቀረበው፣ ጁላይ 1994 ላይ ተቀባይነት አገኘ፣ ኤችፒም በዚያው ዓመት ኮዱን ለማንም በነጻ ለቀቀው። ከዚያ በ1998 የመጀመሪያው ስታንዳርድ ሲወጣ አብሮ ወጣ። እና የኦስተርን መጽሐፍ የተጻፈው ነገሩ ገና ትኩስ በነበረበት ሰዓት ነው፤ ያኔ ኤስቲኤል ለብዙ ፕሮግራመር እንግዳ ስለነበር ጸሐፊው ከሥሩ ማስረዳት ግድ ሆኖበታል። የዛሬዎቹ መጻሕፍት አብዛኞቹ ያንን ዘለውት ነው የሚጀምሩት።

ታዲያ ሥሩ ምንድን ነው? አምስት ዓይነት ኮንቴይነር (ዳታ የሚቀመጥበት ዕቃ) አለህ እንበል፣ ስልሳ አልጎሪዝም (እንደ መደርደርና መፈለግ ያለ ሥራ) አለህ እንበል። ለእያንዳንዱ ኮንቴይነር እያንዳንዱን አልጎሪዝም ለብቻው ብትጽፍ 300 ፈንክሽን ነው። ስቴፓኖቭ ያደረገው አልጎሪዝሙ ኮንቴይነሩን ጨርሶ እንዳያውቀው ማድረግ ነው፤ አምስቱን ለብቻ፣ ስልሳውን ለብቻ ትጽፋለህ፣ 65 ሆነ። ወፍጮ ቤት ስትሄድ ወፍጮው ገብሱ በጆንያ ይምጣ በአቁማዳ አይጠይቅም፣ በአፉ ከፈሰሰለት ይፈጫል። ኤስቲኤል ውስጥ ያ አፍ ኢተሬተር ነው፤ ኮንቴይነሩ ውስጥ ያለን ቦታ የሚያሳይና ወደሚቀጥለው የሚያሻግር ጠቋሚ ማለት ነው። መጽሐፉ ውስጥ ከኢተሬተር የሚበልጥ ርዕስ የለም፤ እሱን ከተረዳህ ሌላው እየገባህ ይሄዳል፣ እሱን ካለፍከው ግን ሺህ ገጽ ብታነብ ፈንክሽን ሸምድደህ ነው የምትቀረው።

አንድ ነገር በተግባር እንይ። የመንዝ በግ የሚነግድ አጎት አለህ እንበል፣ መዝገብ ልትሠራለት ፈለግህ። ለእያንዳንዱ በግ ክብደቱንና ዋጋውን የያዘ ትንሽ ስትራክት ትጽፋለህ፣ በጎቹን ሁሉ ቬክተር (በተርታ የሚይዝ ኮንቴይነር) ውስጥ ትከታለህ። በዋጋ ለመደርደር ሶርትን ትጠራለህ፤ መጀመሪያውንና መጨረሻውን ትሰጠዋለህ፣ የቱ እንደሚቀድም የሚናገር አጭር ላምዳ (እዚያው የሚጻፍ ስም የለሽ ፈንክሽን) ትጨምርለታለህ። አለቀ። አሁን ቬክተር የሚለውን አጥፍተህ ሊስት በለው፣ ሌላ ምንም አትንካ። ኮምፓይል ስታደርገው ገጽ ሙሉ ኤረር ይዘረግፍብሃል፤ እዚያ ውስጥ ኮምፓይለሩ የሚስማማ የመቀነስ ኦፕሬተር አጣሁ ሲል ታየዋለህ። አንተ ደግሞ ኮድህ ውስጥ ምንም አልቀነስክም። አብዛኛው ተማሪ እዚህ ጋ ኤረሩን ኮፒ አድርጎ ግሩፕ ላይ ይለጥፋል።

የሆነው እንዲህ ነው። ሶርት ካንዱ ቦታ ወደ ሌላው መዝለል ይፈልጋል፣ ለዚያ ደግሞ ሁለት ኢተሬተሮችን ቀንሶ በመካከላቸው ስንት እንዳለ ይለካል። ቬክተር ውስጥ በጎቹ ሜሞሪ ላይ ተከታትለው ስለተቀመጡ ይሄ በአንድ ስሌት ይሆናል። ሊስት ግን እያንዳንዱ የፊቱንና የኋላውን አድራሻ ብቻ ይዞ ነው የሚኖረው፤ አሥረኛው ጋ ለመድረስ ዘጠኙን አንድ በአንድ ማለፍ አለብህ። ስለዚህ የሊስት ኢተሬተር ወደፊትም ወደኋላም ይሄዳል እንጂ አይዘልም። ሶርት የሚጠይቀውን አያሟላም ማለት ነው። ለዚህ ነው ሊስት የራሱ የሆነ፣ በነጥብ የሚጠራ ሶርት የተሰጠው።

ኦስተርን ይህንን «የሚጠየቀውን ማሟላት» ኮንሴፕት ይለዋል፣ የመጽሐፉ ሁለተኛ ክፍል በሙሉ ስለዚሁ ነው፤ የቱ ኢተሬተር ምን ምን ይችላል፣ የቱ ኮንቴይነር ምን ቃል ይገባል፣ አንድ በአንድ ተዘርዝሯል። እና ልብ በል፣ በ1998 በወረቀት ላይ ብቻ የነበረው ይህ ኮንሴፕት በ2020ው ስታንዳርድ የቋንቋው አካል ሆኗል። ዛሬ ያንኑ ሊስት ሬንጅስ በሚባለው አዲሱ የላይብረሪው ክፍል ባለው ሶርት ብትሞክረው ኮምፓይለሩ የመዝለል መስፈርቱ አልተሟላም ብሎ ይነግርሃል። የድሮውን መጽሐፍ ያነበበ ሰው ያንን ኤረር ሲያይ የሚያውቀውን ነገር ነው የሚያየው። ጓደኞችህን ይሄን ንገራቸው።

ሌላም ልጨምር፣ ምክንያቱም ፈተና ላይም ሥራ ላይም ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። አሥር በግ አለህ፣ ሦስቱ ተሸጡ። ሪሙቭ ኢፍን ጠርተህ የተሸጡትን አስወግድ አልከው። ከዚያ ቬክተሩን ስንት ነህ ብለህ ጠይቀው። አሥር ይልሃል! ኮዱ አልተበላሸም። ሪሙቭ ኢፍ ያደረገው ያልተሸጡትን ሰባቱን ወደ ፊት ማምጣትና አዲሱ መጨረሻ የት እንደሆነ ጠቁሞ መመለስ ብቻ ነው። ከኋላ የቀሩት ሦስት ቦታዎች እዚያው አሉ፣ ውስጣቸው ያለውን ግን ማመን የለብህም። ቦታዎቹን ለመቁረጥ ኢሬዝን ራስህ መጥራት አለብህ። ለምን እንዲህ አደከሙን ብትል፣ ሪሙቭ ኢፍ የሚያውቀው ኢተሬተሮቹን ብቻ ነው፣ ኮንቴይነሩን አያውቀውም፣ የማያውቀውን ነገር ደግሞ ማሳጠር አይችልም። ቅድም ያልኩህ 65 የሆነበት ሒሳብ ዋጋው ይሄ ነው። በ2020ው ስታንዳርድ ኢሬዝ ኢፍ የሚባል መጥቶ ሁለቱንም በአንድ ጥሪ ይጨርስልሃል፣ ግን እሱን ብቻ የሚያውቅ ሰው የቆየ ኮድ ሲሰጠው ግራ ይገባዋል።

እግረ መንገዴን አንድ መፈተኛ ልስጥህ፣ ላይብረሪ ገብተህ የትኛውንም የኤስቲኤል መጽሐፍ ስታነሳ ሪሙቭ የሚለውን ገጽ ፈልግ። «ያጠፋል» ብሎ በአንድ መስመር ካለፈው መልሰህ ቦታው አስቀምጠው። ሳይዙ እንደማይቀንስና ለምን እንደማይቀንስ ካስረዳህ ይዘኸው ቁጭ በል።

አሁን ያረጀውን ክፍል ልንገርህ፣ ገጹ ላይ በእርሳስ ምልክት እያደረግህበት አንብብ። አንደኛ፣ ሃሽ ማፕና ሃሽ ሴት ብሎ የሚያሳይህ (የፈለግከውን ቶሎ የምታገኝባቸው ኮንቴይነሮች) ያኔ ስታንዳርድ ውስጥ አልነበሩም፤ ዛሬ የምትጠቀመው በ2011 የገባውን አንኦርደርድ ማፕን ነው። ሁለተኛ፣ ፈንክሽን ኦብጀክቶችን (እንደ ፈንክሽን የሚጠሩ ኦብጀክቶችን) ለማጣበቅ ባይንድ ፈርስት፣ ፒቲአር ፈን የመሳሰሉትን ያሳይሃል። እነዚህ በ2017ው ስታንዳርድ ከነጭራሹ ወጥተዋል። በእነሱ ፈንታ ላምዳ ጻፍ፣ ያም ከ2011 ጀምሮ አለ። ሐሳቡን ግን አትዝለለው፣ ላምዳ ማለት ያው ፈንክሽን ኦብጀክት በአጭር መንገድ ሲጻፍ ነው። ሦስተኛ፣ ኦቶም (ታይፑን ኮምፓይለሩ ራሱ እንዲያውቀው የሚያደርግ ቃል) የለም፣ ሙቭም (ዳታን ሳይገለብጡ ማዛወር) የለም፣ የኢተሬተሩን ረጅም ስም በሙሉ እየጻፈ ነው የሚሄደው፤ አንተ ኦቶ እያልክ ማሳጠር ትችላለህ። የቀረው አብዛኛው እስካሁን ይሠራል። ሶርት እንኳ አጠራሩ አልተለወጠም፣ ከተጨመሩበት ነገሮች አንዱ ከ2011 ወዲህ በከፋው ሁኔታም ቢሆን የሚፈጅበት እርምጃ ከኤን ሎግ ኤን ደረጃ (ኤን የሚደረደሩት ብዛት ነው) እንዳያልፍ መታዘዙ ነው፤ በፊት ይህ ቃል የተገባው ለአማካዩ ብቻ ነበር።

የቀሩትን ፒዲኤፎችህን በተመለከተ። ከሺህ ገጽ በላይ ያለው የኒኮላይ ጆሱቲስ «ዘ ሲ ፕላስ ፕላስ ስታንዳርድ ላይብረሪ» ይመስለኛል። የ2012ቱ ሁለተኛ ዕትም ከሆነ የ2011ን ስታንዳርድ ይዟል፣ በጣም ጥሩ መጽሐፍ ነው። ኔትወርክ ጨርሶ የማይገባበት ቦታ ብትኖር ኖሮ እሱን እመርጥልህ ነበር። ግን መዝገበ ቃላት ከዳር እስከ ዳር አይነበብም፣ አንተ ደግሞ መዝገበ ቃላቱ በነጻ አለህ። የ1999ኙን የመጀመሪያውን ዕትም ከሆነ የላኩልህ ተወው።

ሒሳብ በሒሳብ ያልከው ደግሞ ስቴፓኖቭ ራሱ ከፖል ማክጆንስ ጋር በ2009 ያወጣው «ኤለመንትስ ኦፍ ፕሮግራሚንግ» ሳይሆን አይቀርም። እሱን ጸሐፊዎቹ ራሳቸው በ2019 በፒዲኤፍ በነጻ ስለለቀቁት ያለ ሐሳብ አውርደው። ግን አሁን አትክፈተው፤ ኦስተርንን ጨርሰህ፣ አንድ ሁለት ፕሮጀክት ሠርተህ፣ ከዚያ። ካልሆነ ተስፋ ያስቆርጥሃል፣ ጎበዝ ልጅ ተስፋ ሲቆርጥ ያሳዝናል። ስኮት ማየርስ በ2001 ያወጣው «ኢፌክቲቭ ኤስቲኤል» ካጋጠመህ ደግሞ ኮድ እየጻፍክ ጎን ለጎን አንብበው፣ ሃምሳ አጫጭር ምክር ነው፣ ሰው የት የት እንደሚሰናከል ያሳይሃል።

አክስትህን ስታዝ የጸሐፊውን ስምና ሙሉ ርዕሱን ጽፈህ ላክላት፣ «የኤስቲኤል መጽሐፍ» ብቻ ካልካት ሌላ ነው የምትይዝልህ። አዲስ መግዛትም ግድ አይደለም፤ ያገለገለ ቢሆን ይዘቱ ያው ነው፣ ዋጋውም ይቀንስላታል።

ጥያቄ፣ ከሸዋ ሮቢት

ጤና ይስጥልኝ። በራሴ ነው የምማረው፣ ቀን ሱቅ እሠራለሁ፣ ማታ አነባለሁ። ላፕቶፕ የለኝም፣ ስልክ ብቻ። ጃቫ ትንሽ ሞክሬያለሁ። እንዲህ ያለ መጽሐፍ በስልክ ብቻ ይዤ ልማር ብል ይሆናል? ወይስ ጃቫ ላይ ያለው ጀነሪክስ ይበቃኛል?

መልስ

እህቴ፣ ይሆናል። ኮምፓይለር ኤክስፕሎረር የሚባል ድረ ገጽ አለ፣ ከስልክሽ ብራውዘር ላይ ሲ ፕላስ ፕላስ ጽፈሽ ያስኬድልሻል፣ ብር አይጠይቅም። አጫጭር ምሳሌዎችን ለመሞከር ከበቂ በላይ ነው። በስልክ ረጅም ኮድ መጻፍ ስለሚያሰለች አንድ ሐሳብ በአንድ ማታ አድርጊው፤ ዛሬ ፋይንድ፣ ነገ ሶርት።

ጃቫን አትተዪ። እሱም ከ2004 ጀምሮ ጀነሪክስ አለው። ልዩነቱ ጃቫ ኮምፓይል ሲያደርግ የታይፑን (የዳታውን ዓይነት) ስም ይደመስሰዋል፣ ሲ ፕላስ ፕላስ ግን ለእያንዳንዱ ታይፕ ለብቻው ኮድ ያወጣል። ኢንቲጀር ቬክተር ውስጥ ስትከቺ እንደ ኢንቲጀርነቱ ይቀመጣል፣ ጃቫ ላይ ግን ኦብጀክት ውስጥ ተጠቅልሎ ነው የሚገባው። የጃቫው ጀነሪክስ ለሥራ ይበቃል። አልጎሪዝምን ከኮንቴይነር የመነጠሉን ሐሳብ በደንብ የምታዪው ግን ኤስቲኤል ላይ ነው፣ ማታ ማታ ጊዜ ካለሽ እሱን ብትሞክሪ ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፣ ከመሐል ሜዳ

የኮምፒውተር መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ ፖይንተር ላይ ሲደርሱ ግማሾቹ ይቀሩብኛል። ቬክተርን ከፖይንተር በፊት ባስተምር ጥፋት ነው? ጀነሪክ ፕሮግራሚንግን ለጀማሪ የሚያሳይ ቀላል ልምምድስ ካለ?

መልስ

መምህር፣ ጥፋት የለውም፣ እንዲያውም ይበረታቱበት። አንድሩ ኮኒግና ባርባራ ሙ በ2000 ባወጡት «አክሰለሬትድ ሲ ፕላስ ፕላስ» ውስጥ ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ስትሪንግና ቬክተር ቀድመው ይመጣሉ፣ ፖይንተር በጣም ዘግይቶ። ተማሪው መጀመሪያ የሚሠራ ፕሮግራም በእጁ ይይዛል። ከዚያ ኢተሬተርን ከለመደ በኋላ ፖይንተር ሲመጣበት አይደነግጥም፣ ፖይንተርም የአሬይ ኢተሬተር ነው ይሉታል፣ ይገባዋል።

ለልምምዱ አንድ ልጠቁምዎት። ማባዛትን በማጋመስና በእጥፍ ያሠሯቸው። 13 በ24 ይበሉ። በግራ 13ን እያጋመሱ ይውረዱ፣ ትርፉን ይጣሉ፦ 13፣ 6፣ 3፣ 1። በቀኝ 24ን በእጥፍ እያሳደጉ ይሂዱ፦ 24፣ 48፣ 96፣ 192። በግራ ጎዶሎ ቁጥር ባለበት መስመር ያለውን የቀኙን ብቻ ይደምሩ፦ 24 ሲደመር 96 ሲደመር 192፣ 312። ትክክል ነው። ይህ ዘዴ በጥንት ግብፆች ይሠራበት ነበር፣ ውጭ አገር ደግሞ የኢትዮጵያ ማባዛት እያሉም ይጠሩታል፣ ተማሪዎቹ ይህን ሲሰሙ ይነቃቃሉ። ስቴፓኖቭ ከዳንኤል ሮዝ ጋር በ2014 ያወጣው መጽሐፍም ወደ ጀነሪክ ፕሮግራሚንግ የሚገባው በዚሁ በግብፆቹ ማባዛት ነው።

ኮዱን መጀመሪያ ለኢንቲጀር ይጻፉት። ቀጥሎ መደመሩን በማባዛት ይተኩት፤ ያው ኮድ አሁን ፓወር ያሰላል፣ 2ን 13 ጊዜ ከማባዛት በጥቂት እርምጃ 8192 ይደርሳል። ከዚያ ቴምፕሌት (ለተለያየ ታይፕ የሚሠራ ኮድ) አድርገው ኦፕሬሽኑን ከውጭ እንዲቀበል ያድርጉት። በስትሪንግም ያስሞክሯቸው፣ «ሀ»ን 13 ጊዜ ይደግምላቸዋል። ከዚያ መቀነስን እንዲሰጡት ይዘዟቸው። መልሱ የማይረባ ይሆናል። ለምን እንደሆነ ራሳቸው ይፈልጉት፤ ኦፕሬሽኑ ቅንፉ የትም ቢገባ ውጤቱ አንድ መሆን እንዳለበት ሲደርሱበት፣ ኮንሴፕት ምን ማለት እንደሆነ ስሙን ሳይሰሙት ያውቁታል።